የጣቢያ ሹሙ መዝገብ

እዚህ አሜሪካ፣ ፒዮሪያ የሚባል ጣቢያ ላይ ቆሜ ወደ አየር ማረፊያ የሚሄደውን ባቡር ስጠብቅ፣ ከድምፅ ማጉያው የሴት ድምፅ ወጥቶ ባቡሩ ሦስት ደቂቃ ስለዘገየ ይቅርታ ጠየቀ። የተቀዳ ድምፅ ነው። አጠገቤ የቆመው ሰውዬ ከስልኩ ቀና እንኳን አላለም። እኔ ግን ሳቄ መጣ፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። በሕይወቴ በደንብ የማውቀው አንድ የባቡር ሰው ነበር፤ ይቅርታ የምትባለዋን ቃል አንድ ቀን እንኳን ሳይተነፍስ ሞተ። ማሽን በልጦታል ማለት ነው።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይባላል። እኔን ያድርገኝ። ጋሼ ወርቅነህ ነው ስሙ። እናቴ ዛሬም «እሳቸው» ነው የምትለው፤ እኔም ፊቱ ቆሜ አንቱ እያልኩ ነው ያደግሁት። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱታው አልወጣ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ እየቆየ ይገባችኋል።

ልጅ ሳለሁ ኦሮራ ውስጥ፣ ከሃቫና ስትሪት ገባ ብሎ፣ የእኛ ሰዎች ከአሜሪካኖች ተከራይተው የሚያመልኩበት ቤተ ክርስቲያን ነበር። እሁድ ከሰዓት አምልኮ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ምድር ቤቱ ውስጥ ለልጆች አማርኛ ይሰጥ ነበር። ምድር ቤቱ እርጥብ ምንጣፍ፣ እርጥብ የበረዶ ጫማና የቆየ ብስኩት ይሸታል። የማሞቂያው ቧንቧ መሀል መሀል ላይ ይንኳኳል። መምህራችን ጋሼ ወርቅነህ ነበር። በአዘቦት ቀን አየር ማረፊያ ዊልቸር ይገፋል። የሚያሳፍር ሥራ አልነበረም፤ ግማሹ የክፍላችን ልጅ አባቱ እዚያው ነበር የሚሠራው። እሱ ግን ሥራው ሲጠየቅ «በትራንስፖርት ዘርፍ ነኝ» ይል ነበር፤ አገጩን ወደ ላይ አንሥቶ።

አገር ቤት፣ በድሬዳዋው ምድር ባቡር፣ የጣቢያ ሹም ነበር። የቱ ጣቢያ እንደሆነ ራሱ ደፍሮ አይናገርም፤ እናቴ ናት የነገረችኝ። ስም እንኳን ያልወጣላት፣ በኪሎ ሜትር ቁጥሯ የምትጠራ፣ አንድ የውሃ ጋንና ሁለት የግራር ዛፍ ያላት የበረሃ ጣቢያ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ የዚያችን ጣቢያ ሰማያዊ ኮት ለብሶ ይመጣል። ከነሐስ ቁልፎቹ ሁለቱ ወድቀው በጥቁር ፕላስቲክ ተተክተዋል። ደረት ኪሱ ውስጥ የትኬት መብሻ አለ። ለያንዳንዳችን በእጁ የሠራውን የካርቶን ካርድ ሰጥቶናል፤ በር ላይ ቆሞ፣ ካርዳችንን ተቀብሎ፣ ቀጭ ያደርገዋል። የገባ ይበሳለታል። ልክ አራት ሰዓት ሲሆን በሩ ይዘጋል።

«ባቡር ሰው አይጠብቅም» ይላል ከውስጥ ሆኖ።

አንድ ክረምት በረዶ አውቶቡሱን አዘግይቶባቸው ሁለት ወንድማማቾች ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ትምህርቱን ሙሉ በበሩ ስንጥቅ አዳምጠዋል። ትንሹ አፍንጫው ቀልቶ ነበር። ይህን ለእናቴ ስነግራት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋዋን አስቀምጣ ሳቀች። የእሱ ባቡር ለቁርስ ይደርሳል ከተባለ ለራት የሚደርስ፣ አንዳንዴም በማግስቱ የሚደርስ ባቡር ነበር። ሰው ፍራሽ ይዞ ነበር የሚሳፈረው።

የሚያስተምረን ነገርም ጉድ ነበር። ፊደል ያስቆጠረን በጣቢያ ስም ነው። ኤረር፣ ጎታ፣ አፍደም፣ ምኤሶ፣ አሰቦት፣ አዋሽ፣ መተሐራ፣ ወለንጪቲ። አሜሪካ ተወልዶ ያደገው አቤል «ራበኝ» ማለት ሳይችል «ፉርጎ» ብሎ መጻፍ ቻለ። አያቱ ከአዲስ አበባ ስትደውልለት አንድ ቃል መመለስ አቅቶት የጣቢያዎቹን ስም በቅደም ተከተል ደረደረላት። አያትየዋ ልጁ ታሞ መስሏት አለቀሰች።

ፊደሉን ስንጨርስ ወደ ትልቁ ሥራ ገባን። ጋሼ ወርቅነህ የኩባንያውን ታሪክ እየጻፈ ነበር። እሱ ይናገራል፣ እኛ እንጽፋለን፤ የኔ የእጅ ጽሑፍ ጥሩ ስለነበረ የኔ ደብተር ዋናው ቅጂ ሆኖ እሱ ዘንድ ይቀመጣል። ኩባንያው ትንሽ ኩባንያ ነበር። ከባሕር ተነሥቶ ዋና ከተማ የሚደርስ አንድ ነጠላ ሐዲድ አለው፤ ነጠላ ስለሆነ ባቡሮች የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ብቻ ነው። በጋሼ ወርቅነህ አፍ ግን ዓለም የተፈጠረችው ለዚህ ሐዲድ ማረፊያ እንድትሆን ነው። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ስለ መጀመሪያ ማዕረግ ወንበሮች ቆዳ ጻፍን። ሌላ ቅዳሜ ስለ ፈረንሳዮቹ ዳይሬክተሮች ጢም። ሙሴ እገሌ ደግ ነበር፣ ሙሴ እገሌ ሰዓት አክባሪ ነበር፤ ሙሴ የተባለ ሁሉ ጨዋ ነበር። የድሬዳዋ ጣቢያ ቡገንቪላ በየትኛው ጎን እንደተተከለ እስከዛሬ አልረሳሁትም።

እናቴ የምትነግረኝ ባቡር ሌላ ነበር። ጎሕ ሲቀድ የባቡር ጋራዡ ጡሩምባ ከተማውን በሙሉ ይቀሰቅሳል። ጨርቅ የሚነግዱ ሴቶች ቀጭን ሆነው ተሳፍረው ወፍራም ሆነው ይወርዳሉ፤ ፈታሹ ያውቃል፣ እነሱም እንደሚያውቅ ያውቃሉ። የቀን ሠራተኞች ጣሪያ ላይ ተኝተው ይሄዳሉ። እንቁላል ሻጮች ከባቡሩ ጋር እየሮጡ በመስኮት መልስ ይቀበላሉ። ከዚህ ሁሉ አንዱም ደብተራችን ውስጥ አልገባም። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ጣሪያ ላይ ሰው ይሄድ ነበር አይደል?» ስለው «ያ ከደንብ ውጭ ነው» አለኝ፤ ከደንብ ውጭ የሆነ ነገር ያልተደረገ ይመስል።

ከትምህርቱ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚረባ፤ እሱም የመዝገብ ደንብ ነው። በር ላይ ካርዳችንን ከበሳ በኋላ መዳፉን ይዘረጋል፤ ላጲስ ያለው ላጲሱን ያስረክባል።

«መዝገብ አይፋቅም፣ አይቀደድም፣ በቀለም አይደፈንም» አለን የመጀመሪያ ቀን። «ስሕተት ሲገኝ በማስመሪያ አንድ ቀጭን መስመር ይሰመርበታል። ከሥሩ ያለው መነበብ አለበት። ከዚያ ሰዓትና ፊርማ። መሰረዙ ራሱ ስሕተት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ጎኑ ላይ ‹ይጽና› ተብሎ ይጻፋል።»

«ማነው ሳይን የሚያደርገው?» አለ አቤል።

«በሥራ ላይ ያለው ሹም። ሹሙ ከሌለ የተተካው ሰው። ሰዓት የሌለው ፊርማ ደግሞ ፊርማ አይደለም፤ ጻፉት።»

ጻፍነው።

አሁን ስለ አባቴ ልናገር። አባቴ ኃይሉ በዚያው ምድር ባቡር ፍሬን ያዥ ነበር። የዕቃ ባቡር የመጨረሻው ፉርጎ ላይ ተቀምጦ፣ ከፊት ፊሽካ ሲነፋ ፍሬኑን በእጁ እየጠመዘዘ የሚይዝ ሰው ማለት ነው። ስድስት ዓመቴ ላይ፣ ባቡሩ ከጋሼ ወርቅነህ ጣቢያ ወጥቶ ብዙም ሳይርቅ፣ መታጠፊያው ላይ ከፊት ለፊት ከመጣ ሌላ ባቡር ጋር ተጋጭቶ ሞተ። ከዚያ አንድ ወረቀት ወጣ፤ ፍሬን ያዡ በሥራ ላይ ተኝቶ ስለነበረ ፍሬኑን በጊዜ አልያዘም የሚል። ወረቀቱ ግርጌ ላይ ከፈረሙት አንዱ የዕለቱ የጣቢያ ሹም ነበር። በሰፈራችን አባቴ «እንቅልፋሙ ኃይሉ» ሆነ። እኔም ትምህርት ቤት የእንቅልፋሙ ልጅ ሆንኩ። እናቴ ከድሬዳዋ እንድንወጣ የወሰነችው ጠላ ቤት በር ላይ አንድ ሰካራም አባቴን አስመስሎ ሲያንኮራፋ የሰማች ቀን ነው።

እና ከዓመታት በኋላ ኦሮራ ላይ፣ እሁድ አምልኮ ላይ፣ ያው የጣቢያ ሹም ሁለት ወንበር ቀደም ብሎ ተቀምጦ አገኘችው። እኔ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም። እናቴ ሄዳ ጉልበቱን ነክታ ሳመችው። ለቅሶ ላይ መጥቶ የነገራትን አልረሳችም። «ኃይሉ ከጣቢያው ሲወጣ ባንዲራውን አውለብልቦልኛል» ብሏት ነበር። ያውለበለበ ሰው ነቅቶ ነው። ፊርማውን አስገድደው ነው ያስፈረሟቸው ብላ ለራሷ ነግራ ጨርሳለች፤ ከሳቸው በቀር ኃይሉን ዓይኑ ተገልጦ ያየ ሰው የለም፣ ታሪኩን የሚጽፉት እሳቸው ናቸው፣ ስለዚህ እሳቸው ይጽፉታል። አንድ መስመር ብቻ ነበር የለመነችው። ኃይሉ አልተኛም ነበር የምትል አንድ መስመር።

ከዚያ ሳምቡሳው ተጀመረ። አርብ ማታ ከሥራ ስትመለስ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ምስርና ቃሪያ ታዘጋጃለች። ቅዳሜ ጠዋት ስድስት ሳምቡሳ በፎይል ተጠቅልሎ በቦርሳዬ ይሄዳል። ጋሼ ወርቅነህ በሁለት ጣቱ ይዞ፣ በመሐረብ እየጠረገ፣ ስድስቱንም ይበላል። ለአንድ ልጅ እንኳን ቆርሶ ሰጥቶ አያውቅም። ጨርሶ ፎይሉን በአራት ያጥፍና ለኔ ይመልሳል።

«እናትሽን አመስግኚልኝ» ይላል። «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው በያት።»

ሁለት ዓመት ሙሉ በመታየት ላይ ነበር። እናቴ መልእክቱን ሳደርስላት ፊቷ ይበራል። ያንን ፊት በማየቴ ነው እስከ ዛሬ ሰውየውን የምንቀው።

አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ ታሪኩ እዚያ ዓመት ደረሰ። እየጠበቅሁት ስለነበረ አውቄዋለሁ። እስክሪብቶዬን ላብ አንሸራትቶት በቀሚሴ ጠረግሁት። ጋሼ ወርቅነህ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይንጎራደድ ነበር።

«በዚህ ዓመት በመሥመሩ ላይ አንድ ቀላል አደጋ ደርሶ አገልግሎቱ ለጥቂት ቀናት ተቋርጦ ነበር። አራት ነጥብ። በዚሁ ዓመት የጣቢያዎች የአበባ ውድድር ተካሄደ።»

«ጋሼ» አልኩ። «አባቴስ?»

አቤል ሳይቀር ቀና አለ።

«ታሪክ የግለሰብ ጉዳይ አይደለም» አለኝ። «ጻፊ።»

ጻፍኩ። ከአበባው ውድድር በፊት፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፌ፣ «ፍሬን ያዡ አልተኛም ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ዞሮ መጥቶ በትከሻዬ ላይ አነበበው። አልጮኸም። ኪሱ ገብቶ ቀይ እስክሪብቶ አወጣ፣ ማስመሪያዬን አንሥቶ አንድ ቀጭን መስመር አሰመረበት፣ ሰዓቱን አይቶ ጻፈ፣ ፈረመ።

«ያላየሽውን አትጻፊ» አለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልሄድኩም፤ ከዚያ በኋላም አልሄድኩም። እናቴ ለመነችኝ፣ ተቆጣች፣ ትንሽ ቀን አኮረፈችኝ። ሳምቡሳውን ግን ራሷ እሁድ እሁድ ትወስድለት ጀመር። አንድ ጊዜ ብቻ «እማዬ፣ ሰውየው እኮ አይጽፍም» ብያት ነበር። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለችኝ። ተረቱን እንኳን ሰማሁት፤ ለሱ መጥበሷ ነው ያንገበገበኝ።

ነርስ ልሆን ስማር፣ መምህሯ የበሽተኛ መዝገብ ላይ ስሕተት ሲሠራ ምን ይደረጋል ብላ ጠየቀች። ከክፍሉ ሁሉ የኔ እጅ ብቻ ወጣ። አንድ ቀጭን መስመር፣ ከሥሩ ያለው እንዲነበብ፣ ሰዓትና ፊርማ። የት ተማርሽው ስትለኝ አላውቅም አልኳት። ለሱ ምስጋና የምታደርስ አንዲት ቃል እንኳን ከአፌ እንድትወጣ አልፈለግሁም።

ጋሼ ወርቅነህ አርጅቶ፣ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ፣ በመጨረሻም እሱ ራሱ በዊልቸር እየተገፋ፣ ባለፈው ክረምት ሞተ። ቀብሩ ላይ ስለ ሰዓት አክባሪነቱ ብዙ ተነገረ። እኔ ሺፍት አለኝ ብዬ ቀረሁ፤ ሺፍት አልነበረኝም።

አየር ማረፊያ የሄድኩት ልጁ ሶስና ቴክስት አድርጋልኝ ነው። እዚያ አንድ ቡና መሸጫ ውስጥ ትሠራለች። ብሬኳን ወስዳ ወጣችና የላስቲክ ከረጢት ሰጠችኝ።

«አፓርትመንቱን ክሊን ሳደርግ አገኘሁት» አለች። «አምስት ደብተር ነው። ላዩ ላይ በእንግሊዝኛ ያንቺን ስም ጽፎበታል፣ ለሰናይት ይሰጥ ብሎ። ልጥለው ነበር፣ ሶሪ። እኔ አማርኛ ማንበብ አልችልም።»

የአማርኛ መምህሩ ልጅ። አቅፌያት ተመለስኩ።

ባቡሩ ላይ ተቀምጬ አራተኛውን ደብተር ከፈትኩ። ገጹን ለማግኘት ብዙ አልፈለግሁም። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የእጅ ጽሑፍ፣ የእኔ መስመር፣ በላዩ ላይ ቀዩ ሰረዝ፣ ሰዓት፣ ፊርማ። ከሥሩ፣ በኅዳጉ ላይ፣ በልጅነቴ ያልነበረ ሌላ ጽሑፍ አለ። በሚንቀጠቀጥ እጅ የተጻፈ ስለሆነ ፊደሎቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ።

«ኃይሉ ነቅቶ ነበር። የሚቀጥለውን ጣቢያ ስልክ ደውዬ መሥመሩ ነጻ መሆኑን ሳልጠይቅ ባቡሩን የለቀቅሁት እኔ ነኝ።»

በዚህም ላይ አንድ ቀጭን መስመር ተሰምሮበታል። ቀጥ ያለ፣ ያልተንቀጠቀጠ መስመር። ሰዓት። ፊርማ።

ሁለት ጣቢያ አለፈኝ። እናቴ ጉልበቱን የነካችለት፣ በሁለት ጣቱ ሳምቡሳ የበላው ሰው፣ አባቴን የገደለው ስሕተት የራሱ ነበር። ሲያወለበልብ ያየውን ሰው አስተኝቶ ፈረመበት። ያም ሳይበቃው፣ ሊሞት ሲል እውነቱን ጽፎ መልሶ ሰረዘው። ለመጻፉ የሚንቀጠቀጥ እጅ በቅቶታል፤ ለመሰረዙ ማስመሪያ ፈልጎ አምጥቷል። ቢቀደው ማንም አያውቅም ነበር። ቢተወው ሰው ይባል ነበር። ሁለቱንም አልሆነም። ኑዛዜውን እንኳን ደንብ አክብሮ ነው የፈራው።

እናቴ አሁን ቶርንተን ነው የምትኖረው፣ ከወንድሜ ጋር። ከፒዮሪያ መኪናዬን አንሥቼ ስደርስ፣ ገና ሳላቆም መስኮት ላይ ሆና አየችኝ። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ደብተሩን ዘረጋሁት። መነጽሯን አድርጋ አጎነበሰች፤ ፊደሉ ደቀቀባት።

«ምን ይላል?»

«ተሰርዟል እማዬ።»

«ይነበባል?»

«ይነበባል።»

«እንግዲያው አንብቢዋ።»

አነበብኩላት። ድገሚው አለች፤ ደገምኩት። ለሦስተኛ ጊዜ ስጀምር እጇን ደብተሩ ላይ አደረገች። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም። ረጅም ጊዜ ጣቷን በቀጭኑ መስመር ላይ ከግራ ወደ ቀኝ እያንሸራተተች ቆየች።

«ያን ሁሉ ሳምቡሳ» አለች በመጨረሻ። ስለዚያ ሰው ክፉ ስትናገር ስሰማት የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ያኔ የነገርሽኝ ደንብ ነበር። መሰረዙ ስሕተት ከሆነ ምን ይባላል ነው ያልሽው?»

«ይጽና።»

«ማነው የሚፈርመው?»

«በሥራ ላይ ያለው ሹም። እሱ ከሌለ የተተካው።»

«እሳቸው የሉም» አለች። ትንሽ አሰብ አደረገችና «እሱ የለም» ብላ አስተካከለችው። መዳፏን ዘረጋችልኝ፤ እስክሪብቶዬን ሰጠኋት።

በኅዳጉ ላይ፣ ከፊርማው ጎን፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየጻፈች «ይጽና» አለች። ከሥሩ ስሟን ጻፈች፤ እቴነሽ፣ የኃይሉ ሚስት። ደብተሩን ወደኔ ገፋ አድርጋ መነጽሯን አወለቀች።

«ሰዓቱን አንቺ ጻፊው» አለችኝ። «እኔ አይታየኝም።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ብዬ ጻፍኩበት።